ማኅተሙ መሀል ላይ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ትእዛዝ ሸክላ መስበር ነበር።

የሸክላ ቤቱ ባለቤት ዋልተር አንድ መዶሻ አስያዘኝና መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ቀይ ሳሕኖች አሳየኝ። «እነዚህ ጉድለት አለባቸው። ሰብረሽ ጓሮ ድፊያቸው» አለኝ። አንዱን አንሥቼ አገላብጬ አየሁት። ከንፈሩ ላይ የጥፍር ያህል ጠቆር ያለች ነገር አለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። እናቴ እንዲህ ያለ ሸክላ ብታገኝ ስማ ነበር የምትሸጠው።

«ይሄን?» አልኩት።

«እሱን።»

«ደህናውን?»

«ጥቁር ነጥብ ያለበትን» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ መታሁት። የመጀመሪያው አሳዘነኝ፤ ሁለተኛው ቀለለኝ፤ ከዚያ በኋላማ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ እያለኝ ነው የሰበርኩት። ስብርባሪውን በባልዲ እየሞላሁ ጓሮ ወዳለው ክምር ወሰድኩ። ክምሩን «ተራራው» ይሉታል። ሮም ከተማ ውስጥ ዘይት የመጣበትን እንስራ ሁሉ እየሰባበሩ ሲደፉ ሲደፉ እውነተኛ ተራራ እንደሆነ ዋልተር የነገረኝ በዚያው ዕለት ነው። ፈረንጅ ማጋነን ይወዳል ብዬ አላመንኩትም። በኋላ ፎቶውን አሳየኝ፤ ዛፍ በቅሎበታል።

ይህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ነው። የምኖረው ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ነበር። ባቡሩ ገና አልተሠራም፤ በሁለት አውቶቡስ ነበር የምሄደው። ሸክላ ቤቱ ከሲያትል በስተደቡብ መጋዘንና ጋራዥ የሚበዛበት ሰፈር ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ መደርደሪያው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በፊት ቢሮ አጸዳ ነበር። ከማጸዳው ሕንፃ ጀርባ አንድ በር ላይ «ዕቃ አሻጊ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት አየሁና ገባሁ። ዋልተር ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበር። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። ለመድኩት።

ዛሬ ቤቱ ስለሌለ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። የጥንት ሮማውያን ይጠቀሙበት የነበረውን ሸክላ አስመስለን እንሠራለን። ቀይ የማዕድ ሳሕን፣ ዋንጫ፣ ኩራዝ፣ ደግሞም ሁለት ጆሮ ያለው ረጅም እንስራ፤ አምፎራ ይሉታል። የሚገዙን ሙዚየሞችና ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዴም ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሙዚየሙ እውነተኛውን መስታወት ውስጥ ቆልፎ የኛን ጠረጴዛ ላይ ያደርገዋል፤ ልጆች ይነካኩታል። ሶ፣ የኛ ሥራ የሚነካ ነው። ይሄን ነገር በጣም እወደው ነበር።

ማዕረጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሻጊ ትሆናላችሁ። ከዚያ ቀቢ፣ ማለት ሳሕኑን ቅብ ውስጥ የሚነክር። ከዚያ ሳሕን ሠሪ። ከሁሉ በላይ ኪልን የምንለውን የሸክላ ማቃጠያ የሚጠብቀው ነው። እሱ ሩበን ነበር፤ የሜክሲኮ ሰው፣ ሬዲዮ ከፍቶ ካልዘፈነ እሳቱ የማይነድለት። በዘፈኑ ስንት ጊዜ ተጣላን!

አሁን አንድ ነገር ልናገር። እኔ የቀጨኔ ልጅ ነኝ። እናቴ አስካለ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት። አዲስ አበባን የሚያውቅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለማያውቅ ልንገረው፦ ድስቱንና ማሰሮውን ከኛ ይገዛሉ፣ ከኛ ጋር ግን አይጋቡም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላሉ። እኛ የሠራነው ድስት ውስጥ ወጥ ይሠራሉ፤ እኛ የሠራነውን ወጥ ግን አይቀምሱም። ይሄን ሰምቼ ነው ያደግኩት።

ለዋልተር ግን በሳምንቱ ነገርኩት። ለፈረንጅ ምን ይደበቃል! የያዘውን ጭቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለና «እናትሽ ሸክላ ሠሪ ናት? እናቷም?» አለኝ። እንዲህ ያለ ቅናት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። የሱ አባት የጥርስ ሐኪም ነበሩ። «እኔ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ አንቺ ግን ዘር አለሽ» አለኝ። ዘር አለሽ! ይሄ ቃል ለስድብ ሲሆን እንጂ ለምስጋና ሲሆን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከማሸግ ወደ ቅብ ያሳደገኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም ወዲያው አበላሸሁት።

የቀዩ ሳሕን ቅብ ራሱ ጭቃ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። ጭቃውን በብዙ ውሃ ትበጠብጡና ታስቀምጡታላችሁ። ሻካራው ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረውን በቀጭን ጎማ ትቀዳላችሁ። ልክ እንደ ጠላ ነው፣ አተላው ይቀራል። የተቀዳውን ደግሞ መልሳችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ጣት መሀል የማይሰማ ሆኖ ይወጣል። ሳሕኑን እሱ ውስጥ አንዴ ነክራችሁ ታወጣላችሁ፣ አለቀ። እሳት ሲገባ ራሱ ያብረቀርቃል።

እኔ ይሄ «ራሱ ያብረቀርቃል» የሚለው አልተዋጠልኝም። ምን ሲደረግ! ሸክላ ያለ ጉልበት ያብረቀርቃል እንዴ? እናቴ ጠጠር ነበራት፤ የለሰለሰች፣ ከእናቷ የወረሰቻት። በሷ ነው እያሸች የምታብረቀርቀው። እኔም ከሐይቁ ዳር ጥሩ ጠጠር መርጬ አመጣሁ። ዋልተር ባልነበረበት ቀን የተነከሩትን ሳሕኖች በሙሉ አንድ ባንድ አሸሁ። ክንዴ እስኪዝል። ይደነቅ ብዬ!

ከእሳት ሲወጡ ግማሹ ተልጧል፤ ግማሹ ድመት የቧጨረችው መስሏል።

«ይሄን ማን አደረገው?» አለ ዋልተር።

«እኔ።»

«በምን?»

ጠጠሯን አወጣሁ። ተቀበለኝና መዳፉ ላይ አገላበጣት። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለ። «እናትሽ እንዲህ ነው የምትሠራው?»

«አዎ። ከዚያ ቅጠል እንጨምርበትና ጭሱ ይገባዋል፤ ጥቁር ይሆናል። ያምራል።»

«ያምራል፣ አውቃለሁ» አለኝ። «ግን የሮም አይደለም። እኛ ቤት ጭስ ከገባ ተበላሸ ማለት ነው። ያንቺ ዓይነት እሳት መታፈን ይወዳል፤ የኛ መተንፈስ አለበት።» ጠጠሯን መለሰልኝ። «በይ አሁን መዶሻሽን ያዢ፤ ተራራው እየጠበቀሽ ነው።»

የገዛ ሥራዬን ሰበርኩ። ሩበን እንኳ ያን ቀን አልዘፈነም።

ቅቡን ተምሬ ሳሕን ሠሪ ስሆን የማኅተም ነገር መጣ። ዋልተር ታሪኩን የሚያወራው ምሳ ላይ ነው፣ ሳንድዊቹን እንደያዘ። ጣልያን አገር አሬዞ በሚባል ከተማ፣ በኋላም ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ትልልቅ የሸክላ ቤቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ባሪያዎች ናቸው። ሳሕኑ መሀል ግን፣ ምግብ በሚቀመጥበት በኩል፣ ትንሽ ማኅተም አለ። የባለቤቱ ስም ይታተምበታል፤ አንዳንዱ ላይ የባሪያውም ስም አብሮ። ከአሬዞ የወጣ ሳሕን ሕንድ ድረስ ሄዷል። የሮም ዘመን አምፎራም አዱሊስ ላይ ተቆፍሮ ተገኝቷል፣ «አንቺ አገር በኩል ማለት ነው» አለኝ። ባሪያው ከግቢው አይወጣም፤ ስሙ ግን መርከብ ይሳፈራል።

«ለምን መሀል?» አልኩት። «ሰው የሚያትመው ከሥር አይደል?»

«ለምን እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም» አለ። «እኔ ግን የሚመስለኝ፣ የበላ ሰው ሲጨርስ እንዲያየው ነው።»

በሸክላ ቤቱ ደንብ ሳሕን ሠሪ የሆነ ሁሉ የራሱን ማኅተም ከእንጨት ቀርጾ ሥራው መሀል ያትማል። የሩበን «ሩበን ሠራው» ይላል። እኔ ሦስት ጭረት ቀረጽኩ። ጭረት ብቻ።

ዋልተር አየውና «ይሄም የሮም ነው። መጻፍ የማይችሉ ሸክላ ሠሪዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር» አለ።

«እኔ መጻፍ እችላለሁ!» አልኩ ተቆጥቼ።

«ታዲያ ጻፊዋ።»

«አልፈልግም።»

ብዙ ጠየቀኝ። ሙዚየም ሄደሽ ሰው ፊት ሥሪ ብሎም ለምኖኛል። እምቢ አልኩ። ሰበቡ ግልጽ ነው። የኛ ሰው ራሱ ሙዚየም ባይሄድ ልጆቹን ትምህርት ቤታቸው ይወስዳቸዋል። አንዱ ልጅ ሳሕኑን አንሥቶ ስሜን ቢያነብና እቤት ገብቶ ቢያወራስ?

የምፈራው ማኅበሬን ነው። በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አለን። የአሜሪካ ነገር ሆኖ ከሃያ አንድ ጋር የሚቀራረበው ቅዳሜ እናደርገዋለን። ተራዋ የደረሰች ሴት ታበላለች፣ ታጠጣለች። ጽዋው፣ ማለት ጠላው ተባርኮ በየተራ የምንጎነጭበት ዋንጫ፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የዚህ ወር ባለተራ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ታስረክባለች። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። ጽዋውን ከአገር ያመጡት እሳቸው ነበሩ። በኛ ማኅበር ደንብ የመጨረሻውን ጉንጭ የሚጨልጡትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ሰብለ፣ ማውንትሌክ ቴራስ የምትኖረው፣ ስለ አንዲት ዳቦ ጋግራ ስለምትሸጥ ሴት ተነሥቶ «ከሷማ አትግዙ፣ የቀጨኔ ናት አሉ» አለችና ሳቀች። ማንም አልተቃወማትም። እኔም አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ «ፓኪንግ» እላለሁ። ጥፍርሽ ሥር ያለው ቀይ ነገር ምንድነው ሲሉኝ «ካርቶኑ ቀለም ይለቃል» እላለሁ።

ሰብለን ክፉ ናት እንዳትሉ። ባሌ የሞተ ሰሞን ምግብ አልወርድ ብሎኝ ሲቸግር፣ ኦበርን መጋዘን ሠርታ ስትወጣ ቤቴ እየመጣች ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ሐዘኑን የተቀመጡልኝ፣ አርባውን ያወጡልኝ የማኅበሬ ሴቶች ናቸው። እዚህ አገር ሌላ ዘመድ የለኝም። ቢያውቁ ተራዬ ሲደርስ ቤቴ ማን ይመጣል? ማን ይበላልኛል? ይሄን እያሰብኩ ስንት ዓመት ጭረት ሳትም ኖርኩ።

ሥራው ግን፣ አይ ሥራው! ጠዋት ኪልን ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል። ሳሕኖቹ ሲበርዱ ቲን፣ ቲን ይላሉ። ሩበን እጁን ዘርግቶ «ማንም አይንካ!» ይላል፣ ዋልተር ቀድሞ ይነካል፣ ይቃጠላል፣ ይሳደባል። በየጊዜው እንዲሁ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እኛ ውስጥ እጃችን ጭቃ ሆኖ ስለሞቱ ሰዎች ሳሕን እንከራከር ነበር። አንድ ጊዜ ዋልተር ከፈረንሳይ በኩል የመጣ ሳጥን ሙሉ ቀይ ሳሕን ፖምፔ ደርሶ ገና ሳይዘረገፍ እሳተ ገሞራው እንደቀበረው ነገረን። ሩበን ለሞቱት ሰዎች አማተበ። እኔ «ወይ አሻጊው!» አልኩ። «ሳይሰበር አድርሶት ነበር እኮ!» ዋልተር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የአሻጊ ነገር የሚገባው ለአሻጊ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት የዋልተር እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ኩራዝ መሥራት ተወ፣ ቀጥሎ ዋንጫ። ሰፈሩም ተለወጠ፤ ጋራዦቹ ወጡ፣ መስታወት ሕንፃ ገባ። አንድ ጠዋት ሰበሰበንና «አንድ እሳት ቀርቶናል። ከዚያ ቤቱን አስረክባለሁ፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለን። ሩበን ሬዲዮውን ዘጋ። እኔ የያዝኩትን ሳሕን አስቀምጬ መቀባት ያለበትንና የተቀባውን መለየት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ጽዋው ተሰበረ።

የዚያ ወር ባለተራ ሰብለ ድግሱን እትዬ ዘውዲቱ ቤት ስላደረገችው ጽዋውን ከቤቷ ይዛው እየመጣች ነው። የኋላ ወንበር ላይ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ሃይዌይ ላይ ከፊቷ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ብሬክ ያዘች፣ ጽዋው ተወረወረ። እትዬ ዘውዲቱ ቤት ስትገባ ነጠላውን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር፤ ፈታችው፣ ገል ብቻ።

«ኃጢአቴ ነው» እያለች አለቀሰች።

አንዷ ኦንላይን እንዘዝ አለች። ሌላዋ ደግሞ የማይሰበር ይሁን፣ ብረት ይሁን አለች።

«ጽዋችን ሸክላ ነው» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። «ሲጀመርም ሸክላ ነበር። ብረቱን ለመኪናችሁ አድርጉት።»

ማን እንዳናገረኝ አላውቅም። «የምሠራበት ቤት ሸክላ ይሠራል። እኔ አመጣለሁ። ገሉንም ስጡኝ» አልኩ።

ሰብለ ተነሥታ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር!» አለች። የሳመችኝ ቦታ አቃጠለኝ።

ገሉን በማግስቱ ወቅጬ እንደ ዱቄት አላምኩት። የቀጨኔ ልጅ ገል አይጥልም፤ ተፈጭቶ አዲሱ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ዋልተር ይሄ ለጥሩ ቀይ ሳሕን አይሆንም፣ ጭቃውን ያሻክረዋል አለ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ወንፊቱን ራሱ ያዘልኝ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጥሩ ነፋ። በሱም ሳቅን።

ዋንጫውን ዊል በምንለው የሸክላ ማዞሪያ ላይ አዞርኩት፣ እግር አወጣሁለት። ከዚያ የሦስት ጭረቱን ማኅተም አነሣሁ።

«ሙሉነሽ» አለኝ ዋልተር፤ ስሜን አሳምሮ ነበር የሚጠራው። «ስንት ዘመን ዝም አልኩሽ። ይሄ የመጨረሻው እሳት ነው። ሌላ የለም።»

«ካነበቡት ጓደኞቼን አጣለሁ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ማኅበሩንም፣ የሰብለንም ሳቅ።

እጁን በሽርጡ ጠረገ። «የራስሽን ስም መጻፍ ግዴታ የለብሽም» አለኝ በመጨረሻ። «ሮማውያን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የሸክላ ቤቱን ነው፤ የእገሌ ቤት ይላሉ። ያንቺ ሸክላ ቤት የማን ነው?»

ያንተ ነው ልለው ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው። «የእናቴ» አልኩት።

እንጨት አንሥቼ «የአስካለ ቤት» ብዬ ቀረጽኩ። የመጀመሪያው ተገልብጦ ታተመ፤ ማኅተም ገልብጦ እንደሚቀረጽ ስንት ዓመት አይቼ ረሳሁት። በሁለተኛው ተስተካከለ። ሦስተኛ እንዳላስብ ቶሎ ዋንጫው መሀል አተምኩትና ቅቡ ውስጥ ነከርኩት።

ኪልኑ ሲከፈት ሩበን አልከለከለም፤ ዋልተርም አልነካም። ዋንጫው ደማቅ ቀይ ሆኗል። ከንፈሩ ላይ ግን የጥፍር ያህል ጠቆር ያለች ነገር አለች።

መዶሻውን አየሁ። ዋልተርም አየው።

«እናትሽ ብትሆን ምን ታደርገው ነበር?» አለኝ።

«ስማ ነበር የምትሸጠው።»

ዋንጫውን አንሥቶ አስታቀፈኝ። በዚያ ቤት ሳይሰበር የወጣ ጉድለት ያለበት ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ ቤቱም ከዚያ በኋላ ተዘጋ።

ተራው የኔ ነበር። ቅዳሜው ደረሰ፣ ሴቶቹ መጡ፣ በሉ፣ ወጤን አመሰገኑ። ጸሎት ተደረገ፣ ጠላው ተባረከ። ጽዋው መዞር ጀመረ። «እንዴት ያምራል! ቀለሙ!» ይላሉ። ጠላ ጥቁር ነው፤ ግርጌው አይታይም። እያንዳንዷ በተጎነጨች ቁጥር እየወረደ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰብለ ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ ፈገግ አለችልኝ።

እትዬ ዘውዲቱ የመጨረሻውን ጨለጡ። ጽዋውን ሲያወርዱ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አደረጉና ወደ መስኮቱ አዘነበሉት።

«የአስካለ ቤት» ብለው አነበቡ። «አስካለ ማናት?»

ሠሪው ድርጅት ነው ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ያረፈችው እናቴ ናት» አልኩ። «የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔም ነኝ። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አንዷ የያዘችውን ዳቦ ቀስ ብላ ሳሕን ላይ መለሰች። ያን ዳቦ እስካሁን አልረሳሁትም።

«ጠጥተን ካበቃን በኋላ ነው የምትነግሪን?» አለች ሰብለ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጠጥተሽ ምን ሆንሽ?» አሏት እትዬ ዘውዲቱ።

ሰብለ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

እትዬ ዘውዲቱ ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቁጭ አሉ። «ያን የተሰበረውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቀጨኔ ድረስ ወጥቼ ከሠሪዋ እጅ መርጬ ነው የገዛሁት። ያቻት ዛሬም ፊቷ ይታየኛል፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይኸው ስንት ዘመን ጸለይንበት፣ ጠጣንበት።» ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ። «ስሟን አልጠየቅኋትም።»

መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አልጠየቅኋትም» አሉ ደግመው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በሙሴነታቸው፣ «በሉ፣ እናታችን አስካለን ነፍሷን ይማር በሉ» አሉ።

«ነፍሷን ይማር» አሉ ሴቶቹ። ሁሉም አላሉም፤ ብዙዎቹ ግን አሉ። ስሟ እኔ ቤት ከኔ አፍ ሌላ በሰው አፍ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ።

የሚቀጥለው ወር ባለተራ ሰብለ ናት፤ በተሰበረው ፋንታ እኔ እወስዳለሁ ብላ ተራ ለምና ወስዳ ነበር። ጽዋውን አስረክቢያት አሉኝ። ተነሣሁ፤ ዘረጋሁላት። ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ተቀብላ ጠቀለለችው። በመስኮት ሳይ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት። አምናበት ይሁን እትዬ ዘውዲቱን አፍራ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

ሁለት ሴቶች ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ተዉ። አንዷ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ ትዞራለች። አልዋሽም፣ ይከፋኛል። በሚቀጥለው ወር ግን ሰብለ ቤት ሄድኩ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ እንደ ዱሮው አጎረሰችኝ። ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል ይባላል፤ እኔም ጠቅልዬ ወደ አፏ አስጠጋሁ። እጄን አየችው፣ ጥፍሬ ሥር ሳይለቅ የቀረውን ቀይ። ከዚያ አፏን ከፈተችና በላች።

ዋልተር ልጁ ጋ አረፈ። ሸክላ ቤቱ ዛሬ ስፖርት መሥሪያ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ተራራው የነበረበት ላይ መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ሩበን በገና ይደውላል፣ ስልክ ላይም ይዘፍናል። ጽዋው እየዞረ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ሴቶቹ በጣታቸው ስለሚዳስሷት ለስልሳለች።

ዛሬ እኔ ጋ ሸክላ እንማር ብላችሁ ለምትመጡ ልጆች የምለው ይህን ነው። ቅቡን አትነካኩት፤ ራሱ ያብረቀርቃል። ነጥብ ያለበትን ከመስበራችሁ በፊት ሁለቴ እዩት። ማኅተሙን መሀል ላይ አድርጉት፤ ከሥር አይደለም።